«ቢጋይል» ማለት ማታለል ብቻ ነው?

በማስተማር ልምምድ ጊዜ መንዝ ውስጥ ባለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሁለት ሆነን እንግሊዝኛ ስናስተምር «ቢጋይል» የሚል ግስ ከምንባቡ ገጠመን። መዝገበ ቃላት ገለጥንና የመጀመሪያውን ፍች ብቻ አንስተን በጥቁር ሰሌዳው ላይ «ቢጋይል ማለት አታለለ» ብለን ጻፍን። ምንባቡ ደግሞ ልጆችን በተረት «ቢጋይል» ስለሚያደርጉ አንዲት አሮጊት ነበር።

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ የኔም አያት ማታ ማታ የበግ ጠጉር እየፈተሉ ተረት ይነግሩናል። እያታለሉን ነው ማለት ነው?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኛ ግን የምንመልሰው ጠፋን። ባላወቅነው ግስ የሰው አያት አታላይ አድርገን ቁጭ አልን! ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ መረመርነው። ያገኘነውም የሚከተለው ነው።

ቃሉ የተሠራው «ጋይል» ከሚለው ስም ነው። «ጋይል» ከድሮ ፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን ትርጉሙ ተንኮል ነው። የግሱም የመጀመሪያ ፍች በተንኮል ማታለል ነበር፤ የማስደሰትና የመማረክ ፍች የተጨመረበት ኋላ ነው። እንግዲህ ዛሬ ሦስት ዋና ፍቺዎች አሉት፦

1ኛ/ አታለለ፣ አሳተ። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሔዋን ስለ እባቡ ስትናገርም (ዘፍጥረት 3፥13)፣ ያዕቆብ ላባን ሲወቅስም (ዘፍጥረት 29፥25) ግሱ ይኸው አንዱ ነው። አማርኛው ግን ለፊተኛው «አሳተ»ን፣ ለኋለኛው «አታለለ»ን መርጧል። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሁልጊዜ በአንድ የአማርኛ ቃል እንደማይመለስ ከዚህ እንረዳለን።

2ኛ/ አማለለ፣ ማረከ። ፈገግታ፣ ዜማ፣ መልካም ጨዋታ ሰውን ሲስብ።

3ኛ/ ጊዜን ያለ ድካም አሳለፈ። የመንዝን የክረምት ብርድ እሳት ዳር በተረትና በእንቆቅልሽ ማስረሳት ማለት ነው።

ታዲያ በምን እንለያቸው? ከግሱ ቀጥሎ የሚመጣውን እንመልከት። «ኢንቱ» ከመጣ፣ ሰውየው ተታሎ አንድ ነገር ፈጽሟል። «አውት ኦፍ» ከመጣ፣ ተታሎ ንብረቱን ተወስዶበታል። «ዊዝ» ከመጣ ግን አንቸኩል! በተረት ወይም በዘፈን ከሆነ አማለለ፣ በሐሰት ተስፋ ከሆነ ሸነገለ ነው።

«አንድ ቃል ቢሳት ምን አለበት?» የሚል ቢኖር የውጫሌን ውል ያስታውስ። ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ፣ ከአንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር በተዋዋሉት ውል፣ የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለመላላክ በኢጣልያ በኩል ማድረግ ይቻላል ሲል፣ ኢጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። በዚያ ግስ የተነሣው ክርክር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በደም ተቋጨ። የኛ ስሕተት ጦር አያማዝዝም፤ የአንድ ሕፃን ልብ ውስጥ ግን ይቀራል።

በማግሥቱ ወደ ክፍል ገብተን ሰሌዳው ላይ «አማለለ» ብለን ጻፍንና ለልጅቱ፣ «ትናንት የተሳሳትነው እኛ ነን። አያትሽ አላታለሉሽም፤ ብርዱን አስረሱሽ እንጂ» አልናት። እሷም፣ «እኔማ አውቄው ነበር!» አለችን።

ውድ እጩ መምህራን! መዝገበ ቃላት ስንገልጥ የመጀመሪያው ፍች ላይ አንቁም፤ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው እናንብብ።

መልመጃ፦ አባበለ፣ ሸነገለ፣ ደለለ፣ አማለለ፣ አታለለ። ከነዚህ ለ«ቢጋይል» የሚስማሙት የትኞቹ ናቸው? ለየትኛው ፍች? በየአካባቢያችሁ አነጋገር ዓረፍተ ነገር እየሠራችሁ ተከራከሩበት።