ፖሊስ የተማሪ መኖሪያ በር ሲያንኳኳ

በታልፒዮት ሦስት ተማሪዎች በጋራ የተከራዩትን ቤት እናስብ። ማታ ላይ በሩ ይንኳኳል። ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል፤ «ጩኸት አለ ተብሎ ተደውሎልናል፤ ገባ ብለን እንየው?» ይላሉ። አብዛኞቻችን ያደግነው ደጅ የቆመ ሰው ሁሉ «ግቡ» በሚባልበት ቤት ነው። እናታችን ብትኖር ቡናው እስኪደርስ አረፍ በሉ ትላቸው ነበር። በሕግ ፊት ግን ያቺ «ግቡ» ከጨዋነት ያለፈ ትርጉም ሊሰጣት ይችላል፤ ፈቃድ ተደርጋ ልትወሰድ ትችላለች። ስለዚህ በዚህ እትም ፖሊስ ወደ ተማሪ መኖሪያ መቼ መግባት እንደሚችልና መቼ እንደማይችል እንማራለን።

መነሻችን የ1992ቱ የሰው ክብርና ነፃነት መሠረታዊ ሕግ ነው። አንቀጽ 7 ያለ ሰውየው ፈቃድ ወደ ግል ይዞታው እንዳይገባ፣ ቤቱም ሆነ ዕቃው እንዳይፈተሽ ይከለክላል። ይህ ክልከላ በሌላ ሕግ ሊገደብ ይችላል፤ ለእኛ ጉዳይ ዋናው የ1969ኙ የወንጀል ሥነ ሥርዓት (እስርና ፍተሻ) ድንጋጌ ነው። እንደ ደንቡ ፍተሻ የሚካሄደው ዳኛ በሰጠው ትእዛዝ፣ በዕብራይስጡ ጻቭ ሒፑስ በሚባለው ነው። በኢየሩሳሌም ይህን የሚሰጠው የሰላም ፍርድ ቤት በሩሲያ ግቢ ውስጥ ነው፤ ከኢትዮጵያ ጎዳና፣ ከደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን፣ በእግር ጥቂት ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። ብዙዎቻችን በአጠገቡ አልፈን ምን እንደሚሠራበት አላወቅንም።

ያለ ትእዛዝ መግባት የሚፈቀድባቸውን ዋና ዋና ሁኔታዎች አንቀጽ 25 ይዘረዝራል። ፖሊሱ በቤቱ ውስጥ ፔሻዕ፣ ማለትም ከሦስት ዓመት በላይ የሚያሳስር ከባድ ወንጀል፣ እየተፈጸመ ነው ወይም በቅርብ ጊዜ ተፈጽሟል ብሎ ለማመን ምክንያት ሲኖረው፤ የቤቱ ነዋሪ ራሱ እርዳታ ሲጠይቅ፤ በውስጡ ያለ ሌላ ሰው የፖሊስ እርዳታ ሲጠይቅና ወንጀል አለ ብሎ ለመገመት ምክንያት ሲኖር፤ ከእስር የሚያመልጥን ሰው ሲያሳድድ። ይህን አንቀጽ ለማስፋት ሐሳብ በተደጋጋሚ ስለሚቀርብ፣ የሕግ ተማሪዎቻችን ሁልጊዜ የወቅቱን ቅጂ እንዲያዩ እናሳስባለን። የሙዚቃ ጩኸት ግን ብቻውን ፔሻዕ አይደለም። ፖሊስ በር ላይ ቆሞ ሊያነጋግረን፣ ሊያስጠነቅቀን ይችላል፤ መሳቢያችንን ለመክፈት ግን ሌላ ምክንያት ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ነው «ግቡ» ከባድ የምትሆነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 በቤን ሐይም ጉዳይ እንደወሰነው፣ ሕጋዊ ምክንያት የሌለው ፍተሻ በፈቃድ ላይ ብቻ ሲመሠረት ፈቃዱ አውቆ የተሰጠ መሆን አለበት። ፖሊሱ እምቢ ማለት እንደሚቻል፣ እምቢታውም በሰውየው ላይ እንደማይቆጠርበት መናገር አለበት። ከዚያ በፊት፣ በ2006፣ የይስሳካሮቭ ውሳኔ ፍርድ ቤት በሕገ ወጥ መንገድ የተገኘን ማስረጃ ውድቅ ሊያደርግ እንደሚችል አስቀምጧል። «ሊያደርግ ይችላል» ነው፤ ሁልጊዜ ያደርጋል ማለት አይደለም። በኋላ ፍርድ ቤት ያስተካክለዋል ብሎ በሩን መልቀቅ አያዋጣም።

የመዖኖት ነዋሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁን ሌላ ነው፤ «ውል ፈርመን የለ፤ አስተዳደሩ ቁልፍ አለው፤ ለፖሊስ ቢከፍትስ?» በውሉ ውስጥ ለጥገና ወይም ለእሳት አደጋ መግባት የሚፈቅድ አንቀጽ ይኖር ይሆናል። ያ ግን በእኛ እምነት ለቧንቧ ሠሪ የተሰጠ ፈቃድ እንጂ ለወንጀል ምርመራ የተሰጠ አይደለም። በክፍሉ የሚኖረው ተማሪው ነው፤ ግላዊነቱም የእሱ ነው። ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡት፤ ግልጽ ካልሆነ ለተማሪ ማኅበሩ አምጡት።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ያለ ነገር አይደለም። በ2015 በሖሎን አንድ ወታደር ወንድማችን በፖሊስ ሲደበደብ በካሜራ ታየ፤ ሰልፉ ከዚሁ ከኢየሩሳሌም ተነሣ። በ2016 በኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ በማኅበረሰባችን ላይ ስለሚታየው ዘረኝነትና ከመጠን ያለፈ የፖሊስ ክትትል ሪፖርት አቀረበ። በ2019 ሰሎሞን ተካ በቂርያት ሐይም ከሥራ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሞተ። ወላጆቻችን የመጡበት አገርም የራሱ ትዝታ አለው። በዲሴምበር 1969 ጥላሁን ግዛው በተገደለ ማግስት የክብር ዘበኛ ወታደሮች ስድስት ኪሎ ግቢ ገብተው ተማሪዎች ላይ ተኩሰዋል። በኤፕሪል 2001 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ካነሷቸው ጥያቄዎች መካከል የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣልን፣ የተማሪ ጋዜጣችን ይከፈትልን የሚሉት ነበሩ። የተማሪ ጋዜጣ! እኛ ጽሑፍ ሳይደርሰን እየቀረ የምንነጫነጭበትን ነገር እነሱ ተደብድበውበታል።

ነገር ግን ፍርሃታችን ራሳችንን እንዳይጎዳን። አንዲት እህታችን በክፍሏ ጥቃት ሲደርስባት «ፖሊስ መጥቶ ምን ሊያደርገን» ብሎ 100 አለመደወል ነውር ነው። አንቀጽ 25 የፖሊስ እርዳታ ለጠየቀ ሰው በሩ እንዲከፈት የፈቀደው ለዚሁ ነው። በ1998ቱ የወሲባዊ ትንኮሳ መከላከያ ሕግ መሠረትም በግቢያችሁ ኃላፊ የተሾመች ሰው አለች፤ ስሟን አስቀድማችሁ እወቁ።

ወደ ታልፒዮቱ በር እንመለስ። ወጥታችሁ በሩን ከኋላችሁ ገርበብ አድርጉ። በእርጋታ የፖሊሱን ስምና ጣቢያ ጠይቁ። ትእዛዝ ካለ አድራሻውንና ቀኑን አንብቡ፤ ፍተሻው፣ አስቸኳይ ካልሆነ ወይም ዳኛ ካልፈቀደ በቀር፣ ፖሊስ ያልሆኑ ሁለት ምስክሮች ባሉበት መሆን አለበት፤ ጎረቤት ጥሩ። ትእዛዝ ከሌለ በምን ምክንያት እንደሚገቡ ጠይቁ፤ ፈቃዳችሁን ካልሰጣችሁ በአፍ ተናገሩ። ቢገቡም በአካል አትከልክሉ፤ እጅ ማንሳት ሌላ ክስ ያመጣል። ሲሄዱ ሰዓቱን፣ የተባለውን፣ የተወሰደውን ዕቃ ያኔውኑ ጻፉ። ቅሬታ ካለ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ወዳለው ማሐሽ ይቀርባል፤ ጠበቃ ከፈለጋችሁ ጠበቃ የተባለው የማኅበረሰባችን ድርጅት ያግዛል።

አንዲት ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ፤ ደንግጦ ዕብራይስጥ የሚጠፋበት ሰው ብዙ ነው፦ «አኒ ሎ ማስኪም ለሒፑስ»፤ ሴት ከሆነች «ማስኪማ»።