የግሮሰሪው ወንበር ደጅ ሲወጣ ወጪውን ማን ይከፍላል?

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚጎርፈው ምዕመን ለአምባሰልና ለአካባቢው ነጋዴ ገበያ ይዞ ይመጣል። እንግዳ ያድራል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ከደሴ በሐይቅና በውጫሌ በሚያልፈው መንገድ ዳር ግሮሰሪ ያለው ሰው በዚህ ወቅት የሚያስበው ነገር ግልጽ ነው። ቤቱ ጠባብ፣ ደጁ ሰፊ ነው። የፕላስቲክ ወንበርና ጠረጴዛ ማውጣት ደግሞ ክፍል ከመጨመር በእጅጉ ይረክሳል። ችግሩ ከአጥሩ ማዶ ሰው የሚተኛ መሆኑ ነው።

ለመሆኑ እንዲህ ያለው ነጋዴ ደጅ ላይ መጠጥ ለመሸጥ ፈቃድ ቢጠይቅ ምን ሊባል ይገባል? ጥያቄውን በምሳሌ እንመልከተው። የምሳሌው ቁጥሮች ለትምህርት የተቀመጡ ግምቶች ናቸው።

ሁለት ሂሳብ

ግሮሰሪው 8 ጠረጴዛ ደጅ ቢያወጣ በአንድ ምሽት 2,000 ብር ተጨማሪ ትርፍ ያገኛል እንበል። ከዚህ ውስጥ 1,400 ብሩ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፣ 600 ብሩ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚገኝ ነው። በዙሪያው 10 አባወራ ይኖራል። እስከ 3 ሰዓት ያለው ጫጫታ እያንዳንዱን አባወራ የ20 ብር ያህል፣ ከ3 ሰዓት በኋላ ያለው ደግሞ እንቅልፍ ስለሚነሳ የ100 ብር ያህል ይጎዳዋል።

ነጋዴው በመዝገቡ የሚያሰፍረው 2,000 ብሩን ብቻ ነው። የጎረቤቱ 1,200 ብር ጉዳት በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይታይም። ኢኮኖሚስቶች ይህን ኤክስተርናሊቲ ይሉታል፤ በግብይቱ ያልተካፈለ ሦስተኛ ወገን የሚሸከመው ወጪ ማለት ነው። እንግሊዛዊው አርተር ፒጉ በ1920 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሐሳብ በሰፊው አስረድቷል።

አሁን ሦስቱን አማራጮች እናወዳድር። ፈቃዱ ቢከለከል የሁሉም ወገን ድምር ትርፍ ዜሮ ነው። ያለ ገደብ ቢፈቀድ 2,000 ሲቀነስ 1,200፣ ማለትም 800 ብር ይሆናል። እስከ 3 ሰዓት ብቻ ቢፈቀድ ግን 1,400 ሲቀነስ 200፣ ማለትም 1,200 ብር ነው። እንግዲህ ክርክሩን «ይፈቀድ» እና «አይፈቀድ» በሚል ብቻ ማካሄድ የተሻለውን አማራጭ ይደብቃል። ዋናው ጥያቄ እስከ ስንት ሰዓትና በምን ሁኔታ የሚለው ነው።

ጎረቤት ከጎረቤት ቢስማማስ?

ሮናልድ ኮዝ በ1960 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዝነኛ ጽሑፍ መብቱ የማን እንደሆነ ከታወቀና መደራደር ወጪ ከሌለው ሁለቱ ወገኖች ራሳቸው የተሻለው ውሳኔ ላይ ይደርሳሉ ሲል ተከራክሯል። በኛ ምሳሌ ጎረቤቶቹ ከ600 ብር በላይ አዋጥተው ነጋዴውን በ3 ሰዓት ማስዘጋት ያዋጣቸዋል። ነገር ግን ብሩን ማን ይሰበስባል? «ሌላው ከከፈለ እኔም እተኛለሁ» የሚል አይጠፋም። ሽማግሌ ወይም እድር ካለ የድርድሩ ወጪ ይቀንሳል፤ ከሌለ ግን ስምምነቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ፈቃድ ሰጪ አካል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ኮዝ ከጠቀሳቸው ጉዳዮች አንዱ በ1879 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የተፈረደው የጣፋጭ ሠሪውና የሐኪሙ ክርክር ነው። የጣፋጭ ሠሪው ሙቀጫ ከብዙ ዓመት ጀምሮ ሲወቅጥ የኖረ ሲሆን፣ ሐኪሙ በግቢው ጫፍ የምርመራ ክፍል የሠራው ዘግይቶ ነው። ያም ሆኖ ፍርዱ ለሐኪሙ ሆነ። «ቀድሜ የነበርኩት እኔ ነኝ» የሚለው ክርክር ብቻውን አያዋጣም ማለት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በኛም አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለ ይዞታ ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ጫጫታ ወይም ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። የአካባቢው ልማድም ከግምት እንዲገባ ያዛል። የ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ድምፅንም ይመለከታል። የአገሪቱ የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ 45 ዴሲቤል ነው። የ10 ዴሲቤል ልዩነት ትንሽ ቢመስልም የድምፁ ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ዝቅ እንዲል የሚያስገድድ ነው። ከዚህ በተጨማሪ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መጠጥ መሸጥን ከልክሏል። ወንበሩ ደጅ ወጣ ማለት ይህ ግዴታ ቀረ ማለት አይደለም።

የሚቆጠርና የማይቆጠር ጉዳት

ተቃዋሚ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አጠገቡ ጠላ የምትሸጥ ሴት ደንበኛዬን ወሰደብኝ ብትል ጉዳቷ እውነት ነው፤ ነገር ግን እሷ ያጣችውን ነጋዴውና ጠጪው ስላገኙት የውድድር ውጤት እንጂ ኤክስተርናሊቲ አይደለም። ፈቃድ ሰጪው ገበያ ለመከላከል ከገባ ሥራው ይበላሻል። እንቅልፍ ያጣ ሕፃን ወይም በሽተኛ ግን ያጣውን ማንም አላገኘውም።

በገንዘብ መለካትም የራሱ ጉድለት አለው። ድሃው ተከራይ ለእንቅልፉ 100 ብር ሊያወጣ ባይችል እንቅልፉ ረከሰ ማለት አይደለም። ቤቱን ያከራየው ሰው በገበያው መድመቅ ኪራይ ሲጨምር፣ ጫጫታውን የሚሸከመው ተከራዩ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው የቤቱ ባለቤት ብቻ ሳይሆን በቤቱ የሚተኛው ሰው ሊሆን ይገባል። በግሸን ንግሥ ሰሞን ደግሞ ሜዳ ላይ የሚያድር ምዕመን አለ። እሱ ፈቃዱ ሲጠየቅ በቦታው ስለማይገኝ ተቃውሞውን የሚያሰማለት የለም።

ታዲያ ጥሩ ፈቃድ ምን ይዞ ይውጣ? የወንበሩን ቁጥር፣ የመዝጊያውን ሰዓትና የድምፅ ማጉያ ደጅ እንዳይወጣ የሚል ግዴታ። ከሁሉም የሚረክሰው መፍትሔ ማጉያውን ማጥፋት ነው፤ ጠጪው ይጫወታል፣ ጎረቤቱም ይተኛል። ፈቃዱ ለአጭር ጊዜ ተሰጥቶ የሚታደሰው ጎረቤት ከተጠየቀ በኋላ ቢሆን ደግሞ ነጋዴው ያልመዘገበው 1,200 ብር ሂሳቡ ውስጥ ይገባል። የነገው ፈቃዱ በጎረቤቱ እንቅልፍ ላይ የተንጠለጠለ ነጋዴ ወንበሩን በ3 ሰዓት ለመሰብሰብ ጠባቂ አያስፈልገውም።