ስለ «ገዛ» ግስ ትርጕምና አገባብ

«ገዛ» የሚለው ግስ በአማርኛ ሁለት ዋና ትርጕም አለው። አንደኛው፥ ዋጋ ከፍሎ አንድን ነገር ገንዘብ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው፥ ሰውን ወይም አገርን ከሥልጣን በታች ማድረግ ነው። «ነጋዴው በሬ ገዛ» ሲባል የፊተኛው፥ «ንጉሡ አገሩን ገዛ» ሲባል የኋለኛው ነው። ሁለቱም በአንድ ሐሳብ ይገናኛሉ፤ ይኸውም ነገሩን በእጅ አግብቶ ማዘዝ ነው። በግእዝ ጌታ ማለት የሆነው «እግዚእ» ከዚሁ ሥር የወጣ ነው።

እንግዲህ ትርጕሙን የሚለየው ከግሱ አስቀድሞ የሚነገረው ስም ነው። «ራሱን ገዛ»፥ «አንደበቱን ገዛ» ቢባል ትዕግሥትን ያሳያል እንጂ ገበያን አያሳይም። «በሬው ተገዛ» ሽያጭ ነው፤ «ለሕግ ተገዛ» መታዘዝ ነው። ከግሱ የሚወጡት ስሞችም ይለያያሉ፤ «ግዥ» የገበያ፥ «ግዛት» የሥልጣን ነው፤ «ገዢ» ግን ለሁለቱም ይሆናል። ከስም አስቀድሞ ሲገባ ደግሞ የራስ መሆንን ያመለክታል፤ «በገዛ እጁ»፥ «የገዛ ወንድሙ» እንደሚባለው።

የአገዛዙም ዓይነት በተጨማሪ ቃል ይገለጻል። ወዲያው የከፈለ «በእጅ በእጅ ገዛ»፥ ኋላ የሚከፍል «በዱቤ ገዛ» ይባላል። እህል ሲሆን «ሸመተ» ማለት ይበልጣል። እንግሊዝኛ ግን «ባይ» ከሚለው ግስ በኋላ ትንሽ ቃል ይጨምራል፤ «ባይ አውት» ማለት የሸሪክን ድርሻ በሙሉ ገዝቶ ከማኅበሩ ማስወጣት ነው።

በከሚሴና በዙሪያዋ ባለው የኦሮሚያ ዞን ብዙ ልጆች በቤታቸው ኦሮምኛ ይናገራሉ። በኦሮምኛ ዋጋ ከፍሎ መውሰድ «ቢቱ»፥ መሸጥ «ጉርጉሩ» ይባላል፤ ለማስተዳደር «ቡልቹ» የሚል ሌላ ቃል አለ። ስለዚህ መምህሩ «አባቴ ሰኞ ከባቲ ገበያ ግመል ገዛ» እና «አባቴ ቍጣውን ገዛ» የሚሉትን ጎን ለጎን ያስጽፍ፤ ተማሪዎቹም እያንዳንዱን በኦሮምኛ ይግለጹ። ያን ጊዜ ልዩነቱ ይገባቸዋል።

ውል የሚያጽፉ ሽማግሌዎችም በዚህ ቃል ሊጠነቀቁ ይገባል። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፥ አይለወጥም። «መሬት ገዛ» ተብሎ የተጻፈ ውል ስለማይጸና፥ ገንዘብ የከፈለው ሰው ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ለተወሰነ ዘመን የተያዘ እርሻ ከሆነ «ተከራየ» ተብሎ ዘመኑና ዋጋው ይጻፍ። ቤት ግን ይገዛል፤ ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ የለውም ይላል። ሰውም ቀድሞ እንደ ከብት ይገዛ ነበር፤ ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ከተሻረ ወዲህ ግን በዋጋ የሚገዛ ሰው የለም።

መልመጃ፦ «በገዛ ገንዘቡ በቅሎ ገዛ» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ገዛ» ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ተማሪዎች የየአንዳንዱን ትርጕም ለይተው ይናገሩ።