ሚል ካርድ፣ መታወቂያና አማና

 

የዛሬው ደርሳችን ስለ ውዱእም ስለ ሶላትም አይደለም። በየቀኑ ይዘናቸው ስለምንወጣ ሁለት ካርዶች፣ ስለ ተማሪ መታወቂያና ስለ ሚል ካርድ ነው። ከመድረሳ የመጣን ብዙዎቻችን ሰፊነቱን ነጃህን ቀርተን ነው የመጣነው። ሰፊና ጦሃራን፣ ሶላትን፣ ዘካን ያስተምራል፤ ስለ ውሰትና ስለ አደራ ግን ምዕራፍ የለውም። እነዚህን የምናገኘው የአቡ ሹጃዕን ሙኽተሰር ስንቀራ ነው፤ እዚያ ሳንደርስ ደግሞ ማትሪክ ደረሰብን። ስለዚህ ውዱእ የሚያፈርሱ ነገሮችን በቃሉ የሚቆጥር ተማሪ የጓደኛውን ሚል ካርድ ይዞ ካፌ ሲሰለፍ ምንም ላይመስለው ይችላል።

ካርዱ የማን ነው?

እስቲ ካርዳችሁን አውጡና አንብቡት፤ ሲሰጣችሁ የፈረማችሁበትንም ቅጽ አስታውሱ። አጻጻፉ ከግቢ ግቢ ቢለያይም ፍሬ ነገሩ ተመሳሳይ ነው፦ ካርዱ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ነው፤ ስሙ ከተጻፈበት ተማሪ በቀር ማንም አይጠቀምበትም፤ ሲጠፋ ቶሎ ይነገራል፤ ትምህርት ሲያቋርጡ ወይም ሲመረቁ ይመለሳል። ይህን አውቀን ተቀብለናል። በሱረቱል ማኢዳህ የመጀመሪያ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ምእመናንን ውሎቻቸውን እንዲሞሉ አዟል። ውል የገባንለት ወገን መንግሥት ስለሆነ፣ ወይም ቢሮው ስላጉላላን፣ ትእዛዙ አይነሳም።

በፊቅህ ሚዛን ስናየው ካርዱ ለዓሪያ፣ ማለትም ለውሰት ይቀርባል። በሻፊዒይ መዝሀብ ዕቃ የተዋሰ ሰው ራሱ ይገለገልበታል እንጂ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሦስተኛ ሰው አያውሰውም። በእጁ ሳለ ቢጠፋበትም ይተካል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሑነይን ዘመቻ ከሶፍዋን ኢብኑ ኡመያ ጥሩር ሲዋሱ ሶፍዋን ገና አልሰለመም ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ ውሰቱ ዋስትና ያለው መሆኑን አረጋግጠውለታል። "ካርዴ ሲጠፋብኝ ለምን ያስከፍሉኛል?" ብሎ የሚያጉረመርም ወንድም መልሱን ከዚህ ያገኛል።

የምግቡ ጉዳይ ከካርዱ ትንሽ ይለያል። "ካርዱ የግቢው ይሁን፤ ምሳው ግን የኔ ነው፣ ለፈለግኩት እሰጠዋለሁ" የሚል ክርክር በየዶርሙ እንሰማለን። የሻፊዒያ ዑለማዎች በወሊማ ምዕራፍ ይህን የሚመስል ነገር አንስተዋል። ለእንግዳ ምግብ ሲቀርብለት እንዲበላ ተፈቀደለት እንጂ በዚያ ምግብ ላይ እንዳሻው አያዝም ይላሉ። ይበላል፤ አይሸጥም፤ ባለቤቱ እንደሚወድለት ካላወቀ በቀር ለለማኝ አይሰጥም፣ ለድመት እንኳ አይወረውርም። በመጠቀም ፈቃድና በባለቤትነት መካከል ያለውን ይህን ልዩነት ከያዝን የቀረው ሁሉ ቀላል ነው።

"ባለቤቱ እንደሚወድለት ካላወቀ በቀር" የሚለውን ግን አንለፈው። ቁርስ ላይ የተሰጠንን ዳቦ ግማሹን በልተን ግማሹን ወደ ዶርም ይዘን ስንወጣ ጥበቃው ያያል፣ የካፌው ሠራተኛም ያያል፣ ማንም ምንም ካላለን ይህ ዑርፍ ነው፤ የታወቀ ልማድ በሸሪዓ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል። ያንን ዳቦ ለጓደኛ ማካፈልም አያስጨንቅም። ካርድ ማዋስ ግን በር ላይ ሲታይ ካርዱ የሚነጠቅበት ነገር ነው። የሚነጠቁበት ነገር ዑርፍ ሊባል አይችልም።

"ኮስት ሼሪንግ እከፍላለሁ እኮ!" የሚለውም መልስ ይገባዋል። ከ1996 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። የምግብና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ በከፊል፣ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ ከተመረቀ በኋላ ለመክፈል ይስማማል። ስለዚህ ምግቡ ምጽዋት አይደለም፤ ይህን ያለ ሰው ልክ ነው። ነገር ግን የተስማማነው ለራሳችን ምግብ ነው፤ ምግቡንም በዓይነት ወይም በገንዘብ ለመቀበል መርጠናል። በዓይነት የመረጠ ካፌ ይበላል፤ በገንዘብ የመረጠው፣ ነን-ካፌ የምንለው፣ ብሩን ይቀበላል። ነን-ካፌው በሌላ ሰው ካርድ ካፌ ሲገባ አንድ ድርሻ በገንዘብ ወስዶ ሌላ ድርሻ በሰሃን ይጨምራል። ለአንድ ተማሪ በቀን 15 ብር ይመደብ በነበረባቸው ዓመታት ወጡ ምን ያህል ይቀጥን እንደነበር የቀመሰ ያውቀዋል። ከእንዲህ ያለ ጠባብ በጀት ላይ ያለ አግባብ የሚወጣው ሰሃን የሚጎድለው ከሰልፉ መጨረሻ ከቆመው ልጅ ነው።

ማሽኑ ካሳለፈኝስ?

የምማረው ኢንጂነሪንግ ስለሆነ ስለ ማሽኑ ትንሽ ልበል። የወረቀት ሚል ካርድ ባለበት ግቢ ቲከሩ የዕለቱን ሳጥን ምልክት ያደርግበታል። ባርኮድ ባለበት ግቢ ደግሞ በእነዚያ ጥቁርና ነጭ መስመሮች ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ማንበቢያው ቁጥሩን ወደ ዳታቤዙ ይልካል፤ ዳታቤዙም ይህ ቁጥር የካፌ ተጠቃሚ ነው ወይ፣ የዛሬውን ምሳ ወስዷል ወይ የሚሉትን አይቶ ይመልሳል። ካርዱን የያዘው ሰው ማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም ከባርኮድ ሊያውቅ አይችልም። ለዚህ የተቀመጡት ፎቶውና የቲከሩ ዓይን ናቸው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሰልፉ ከበር አልፎ ሲጠማዘዝ ደግሞ ፎቶ የሚያይ የለም።

ታዲያ ማሽኑ "ጢጥ" ሲል ብዙዎቻችን ፈትዋ የተሰጠን ያህል ይሰማናል። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለዚህ ዓይነቱ ነገር አስተምረዋል። እርሳቸው ሰው መሆናቸውን፣ ከተካሳሾች አንዱ ከሌላው ይልቅ መከራከር ሊችልበት እንደሚችል፣ የሚፈርዱትም በሰሙት መሠረት እንደሆነ ነገሩ። የወንድሙ ሐቅ በዚህ መንገድ የተፈረደለት ሰው ግን የወሰደው ከእሳት የተቆረሰ ነገር መሆኑን አስጠነቀቁ። የነብዩ ፍርድ እንኳ የሌላውን ሐቅ ለወሳጁ ሐላል ካላደረገለት የባርኮድ ማንበቢያ ምን ሊያደርግልን ነው?

"አንድ ምሳ ነው፣ አታካብዱት" የሚልም አይጠፋም። ከኸይበር ዘመቻ መልስ ሚድዐም የሚባል የረሱል አገልጋይ በቀስት ተመትቶ ሞተ። ሰዎች ጀነት እንደገባ ቆጥረው ደስ አላቸው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ከምርኮው ሳይከፋፈል የወሰዳት ጨርቅ በላዩ ላይ እሳት ሆና እንደምትነድ ተናገሩ። ይህን የሰማ አንድ ሰው ወዲያው አንድ ወይም ሁለት የጫማ ማሰሪያ ይዞ መጣ። የጋራ ንብረት ላይ "ትንሽ ነው" የሚለው ሒሳብ አይሠራም፤ ባለ ሐቁ ብዙ ሺህ ሰው ነው፣ ዓውፍ በለኝ ለማለት እንኳ ለማን እንደሚሄዱ አይታወቅም።

የተራበው ጓደኛችን

አሁን ወደሚከብደው እንምጣ። አንድ ወንድም ጨጓራውን ስለሚያመው ነን-ካፌ ሆነ እንበል። የተሰጠው ብር ወሩ ሳይጋመስ አለቀ፤ ከቤት ይላካል የተባለው አልደረሰም፤ ቤተሰቡም እህሉን ገና አልሸጠም። ዶርም ውስጥ ተኝቶ ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። በዚህ ጊዜ "ካርድ ማዋስ ሐራም ነው" ብሎለት፣ የራሱን ካርድ ይዞ ምሳውን ሊበላ የሚወጣ ሰው ፊቅህ ገብቶታል አልልም።

ደሩራ የተከለከለውን ይፈቅዳል። ዑለማዎች ግን ሁለት ማሰሪያ አድርገውበታል፦ ደሩራ በልኩ ይለካል፤ መቸገርም የሌላውን ሐቅ አይሽረውም፣ የተጠቀሙትን መተካት ይቀራል። ከጎኑ ዳቦ የሚገዛለት ጓደኛ ያለው ሰው ደግሞ ደሩራ ላይ ደርሷል ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ጥያቄው ከእርሱ ወደ እኛ ይዞራል። ካርድ ማዋስ የሚቀለን ከኪሳችን ምንም ስለማይወጣ አይደለም? ሰደቃ የምንለው ከራሳችን የሚወጣውን ነው። አራት ሆነን የአንድ ቀን የሻይ ብራችንን ብናዋጣለት፣ ከቤት የመጣልንን በሶና ቆሎ ከሎከር አውጥተን ብናቀርብለት፣ ለጀመዓው የእርዳታ ኮሚቴ ስሙ በሌላ ሰው ጆሮ ሳይገባ ብናሳውቅለት፣ ያ የኛ ነው። ችግሩ የሚቆይ ከሆነም ወደ ተማሪዎች አገልግሎት አብሮት ሄዶ ወደ ካፌ እንዲመለስ ማመልከት ይቻላል። ብቻውን ሲሄድ የሚያፍር ልጅ ከሰው ጋር ሲሆን ይደፍራል።

ሰኞና ሐሙስ የሚጾሙ ወንድሞችም "እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ምሳዬን አንተ ብላልኝ" ይላሉ። ኒያቸው ያምራል። ነገሩ ግን ያው የእንግዳው ምግብ ነው፤ ያልበላነው ምሳ ወደ ሰጪው ይመለሳል እንጂ የምናድለው አይሆንም። ለወር ቤተሰብ ጥየቃ ሲሄድ ካርዱን በብር አከራይቶ ስለሚሄደው ግን ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ረመዳን ላይ አማናው የጀመዓው ሁሉ ይሆናል። የኢፍጣርና የሱሑር አገልግሎት የሚገኘው ተወካዮቻችን የጿሚዎችን ዝርዝር ይዘው ከካፌው ኃላፊዎች ጋር ተነጋግረው ነው። ስሙን በጿሚዎች ዝርዝር አስጽፎ ምሳ ሰዓት በጓደኛው ካርድ የሚበላ፣ ማታ ደግሞ ኢፍጣር የሚወስድ ሰው በአንድ ሰሃን የሚያጠፋው የተወካዮቻችንን ቃል ነው። በሚቀጥለው ዓመት ዝርዝሩ ሲቀርብ "ባለፈው ጊዜ እኮ..." የሚባለው እርሱ ሳይሆን ጀመዓው ነው።

እዚህ ላይ የእህቶቻችን ጉዳይ ሲዘነጋ አያለሁ። ዝርዝሩ ውስጥ የገባች እህት በማትጾምባቸው ቀናት ምሳ ተዘግቶባት ትውላለች፤ በር ላይ ቆማ ምክንያቷን ለቲከር ማስረዳትም አይጠበቅባትም። አንዳንዷ የጓደኛዋን ካርድ የምትወስደው በዚህ ጊዜ ነው። ይህን በወቀሳ አንፈታውም። ከካፌው ጋር ስንነጋገር ለእህቶች በእነዚያ ቀናት ምሳ ያለ ጥያቄ የሚሰጥበት፣ ወይም ምግባቸው በእህቶች ተወካይ በኩል የሚወጣበት መንገድ ከመጀመሪያው መጠየቅ አለበት። የምንጠይቀው ደግሞ ተጨማሪ ድርሻ አይደለም፤ የዚያን ቀን ኢፍጣር በምሳ መለወጥ ብቻ ነው።

ስለ መታወቂያው

የተማሪ መታወቂያ "ይህ ሰው እገሌ ነው" የሚል ምስክርነት ነው። በሌላ ሰው መታወቂያ ፈተና መግባት የሐሰት ምስክርነት ነውና ከከባዳ ወንጀሎች ጋር ይመደባል፤ "ላግዘው ብዬ ነው" የሚለው አያወጣም። በር ላይ ለማያውቁት እንግዳ መታወቂያ ማቀበልም እንዲሁ ነው፤ ግቢ ውስጥ ለሚሆነው ነገር ጥበቃው የሚጠይቀው ስሙ ያለበትን ሰው ነው። በሰው መታወቂያ መጽሐፍ ማውጣት ቀላል ይመስላል። መጽሐፉ ሳይመለስ ከቀረ ግን ክሊራንስ የሚከለከለው ባለ ስሙ ነው፣ ያውም ጋዋን ተከራይቶ ቤተሰቡን በጠራበት ሳምንት።

ኒቃብ ለምትለብሱ እህቶች፦ ማንነትን ለማረጋገጥ ሲያስፈልግ ፊትን በልኩ ማሳየትን ዑለማዎች በምስክርነትና በግብይት ምዕራፎች ፈቅደዋል። ሴት ጥበቃ እንድታይ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ በትሕትና ጠይቁ። ጥያቄው ጠዋት በር ላይ ሰልፍ መካከል ከሚነሳ ቀድሞ በጀመዓው በኩል ለግቢው ፖሊስ ቢቀርብ ይሻላል።

በመጨረሻ፣ ወድቆ የተገኘ ካርድ። መስጂድ ውዱእ ማድረጊያው አጠገብ ካርድ ወድቆ ይገኛል፤ ያገኘው ወንድም "ባለቤቱ ሲመጣ እሰጠዋለሁ" ብሎ ኪሱ ይከተውና ይረሳዋል። ስም፣ ፎቶና የትምህርት ክፍል የተጻፈበት ነገር ባለቤቱ የሚታወቅ ነው፤ ዓመት እንደሚታወጅለት ዕቃ አይጠብቅም። የምታውቁት ከሆነ ዶርሙ ድረስ ውሰዱለት፤ ካላወቃችሁት ለፕሮክተሩ ወይም ለግቢው ፖሊስ ስጡት። ከዐስር ሶላት በኋላ ያገኛችሁት ከሆነ ቶሎ በሉ፤ ካፌው እራት ሰጥቶ ሳይዘጋ ሊደርስለት ይችላል።