ቁጥቋጦ የወረረውን የግጦሽ መሬት ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ መለካት

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

በቦረና የግጦሽ መሬት ሣሩን ካሳጡት ዕፅዋት ብዙዎቹ ከውጭ አገር የገቡ አረሞች አይደሉም። ከጥንት ጀምሮ በዚያው የበቀሉ የግራር ዘሮች ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ በቦረናዎች አጠራር ፉሌንሳና ሰጰንሳ ጉራቻ ይገኙባቸዋል። ቀደም ሲል አርብቶ አደሩ በየጊዜው እሳት እየለቀቀ ቡቃያቸውን ይገታ ነበር። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማቃጠል በመንግሥት ከተከለከለ ወዲህ፣ ግጦሹም ስለ በዛ፣ ሣሩ ሲሳሳ ቁጥቋጦው ቦታውን ያዘ። ሣር ሲጠፋ የላሟ ወተት ይቀንሳል። ማኅበሩ ያለውን ጉልበት የት እንደሚያውል አስቀድሞ ካላወቀ ምንጠራው ከንቱ ድካም ይሆናል።

2. ፎቶግራፉ መቼ ይነሣ?

በዝናብ ወራት ሣሩም ቁጥቋጦውም አረንጓዴ ስለሆነ ለመለየት ያስቸግራል። በበጋው መጨረሻ ደግሞ ብዙዎቹ ግራሮች ቅጠላቸውን ያራግፋሉ። ስለዚህ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዝናብ አባርቶ፣ ሣሩ ቢጫ ሲሆንና ቁጥቋጦው ገና ቅጠል ሳለ ማንሣት ይበጃል። ለምለም ቅጠል ለዓይን የማይታየውን የኢንፍራሬድ ጨረር አብዝቶ ያንጸባርቃል። ስለሆነም በተለመደው የኢንፍራሬድ የቀለም አቀራረብ ሕያው ቅጠል ቀይ ሆኖ ይታያል። በድሮን ማንሣት ሲታሰብ የበረራ ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

3. አለካክ

ሀ/ የፎቶግራፉን መስፈርት ይወቁ። መስፈርቱ 1:20,000 ከሆነ 1 ሳንቲ ሜትር በመሬት ላይ 200 ሜትር ነው፤ 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ደግሞ 4 ሄክታር ይሆናል።

ለ/ በብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ላይ በእኩል ርቀት 100 ነጥቦች ምልክት ያድርጉ። ፕላስቲኩን በሚለካው ቦታ ላይ ያንጥፉ።

ሐ/ በቁጥቋጦ ላይ ያረፉትን ነጥቦች ይቁጠሩ። 28 ነጥቦች ካረፉ ሽፋኑ 28 በመቶ ነው። የተለካው ቦታ 16 ሄክታር ከሆነ በቁጥቋጦ የተሸፈነው 4 ሄክታር ተኩል ያህል ይሆናል።

መ/ የዛፉን ጥላ እንደ ቁጥቋጦ አይቁጠሩ።

4. በመሬት ላይ ማረጋገጥ

ፎቶግራፍ ከላይ የሚታየውን ብቻ ይነግረናል። በሣር ውስጥ የተደበቀውን ቡቃያ አያሳይም፤ ዘሩንም ሁልጊዜ አይለይም። ስለዚህ ከየክፍሉ ጥቂት ቦታዎች መርጠው ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ይሂዱ፤ የዕፅዋቱንም ስም ይመዝግቡ። ፍሬው ለከብት የሚሆን፣ ጥላውም የሚፈለግ ትልቅ ግራር በካርታው ላይ ተለይቶ ይጠበቅ። ፍየልና ግመል ቁጥቋጦ ስለሚበሉ ሁሉም ይመንጠር ማለት አይደለም።

5. ካርታውን ለሥራ ማዋል

ለሥራ እንዲያመች መሬቱን በሦስት ክፍል እንዲመድቡ እንመክራለን፦

— ከ10 በመቶ በታች፦ ሣሩ ገና አለ። ቡቃያው ሳይጠነክር መንቀልና ግጦሹን ማሳረፍ ይበቃል።

— ከ10 እስከ 40 በመቶ፦ ሣሩ እሳትን ሊያስኬድ የሚችል ከሆነ፣ በፈቃድና በጥበቃ ማቃጠል ይቻላል። ከዚያ በፊት ቦታው ከግጦሽ ማረፍ ይኖርበታል።

— ከ40 በመቶ በላይ፦ የሚነድ ሣር ስለሌለ እሳት አይሄድም። አስቀድሞ መቁረጥ ያስፈልጋል። ጉቶው ስለሚያቆጠቁጥም ክትትል ይሻል።

ጉልበት ሲያንስ በመጀመሪያና በመካከለኛው ክፍል መጀመር ይሻላል፤ በዚያ ወጪው አነስተኛ ነው፣ ሣሩም ቶሎ ይመለሳል። ለጥጆች የሚከለለውን ካሎ ቅድሚያ መስጠትም መልካም ነው።

ካርታውን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያስቀምጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው ወር፣ በዚያው መስፈርት እንደገና አንሥተው ያነጻጽሩ። ቁጥቋጦው እየገፋ ወይም እያፈገፈገ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው።