የዴያ መንደር እንግዶችና የበጋው በዓል

ከንባቡ በፊት፦ በዚህ ንባብ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በአውሮፓ በጋ የሚባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ክረምት ከሚሆንበት ወራት ጋር እንደሚገጥምም ልብ በሉ።

ማዮርካ በሜዲትራንያን ባሕር ከሚገኙት የስፔን ደሴቶች በስፋቷ አንደኛ ናት። በሰሜን ምዕራብ ዳርቻዋ የትራሙንታና ተራሮች ከባሕሩ በላይ እንደ ግድግዳ ቆመው ይታያሉ። ከእነዚህ ተራሮች አንዱ የሆነውና 1064 ሜትር ከፍታ ያለው ቴሽ ወደ ባሕሩ በሚያዘቀዝቅበት ቁልቁለት ላይ ዴያ የምትባል ትንሽ መንደር ትገኛለች። ቤቶቿ የድንጋይ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኗ በኮረብታው አናት ላይ ተቀምጣለች፤ ከሥሯም ወይራና ሎሚ የተተከሉባቸው እርከኖች ደረጃ በደረጃ ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ። ስሟ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን የእርሻ መንደር ማለት ነው፤ ደሴቲቱ እስከ 1229 ድረስ በሙስሊም ገዢዎች እጅ ነበረችና። ውኃን በቦይ እየመሩ ተራራውን በእርከን የማልማት ጥበብም ከዚያው ዘመን የተወረሰ ነው። ዩኔስኮ በ2011 የተራራውን አካባቢ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ያከበረው ይህንኑ የገበሬዎች የብዙ ዘመን ድካም ነው።

የዴያ ነዋሪዎች ቁጥር አንድ ሺህ እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ በቡና ቤቶቿ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው ከአገሬው ማዮርካኛና ከስፓኝኛ ሌላ እንግሊዝኛም ጀርመንኛም ሲነገር ይሰማል። ከአገሩ የወጣ ሰው እንደ አህያ ይጫናል፣ እንደ ፈረስም ይለጎማል የሚለው የአማርኛ አባባል ለእነዚህ መጤዎች አይስማማም። አብዛኞቹ የመጡት ሥራ ፍለጋ ሳይሆን ፀሐይ፣ ጸጥታና ርካሽ ኑሮ ፍለጋ ነው። ጸጥታውና ርካሹ ኑሮ ግን እነርሱ በበዙ መጠን እያነሰ መሄዱ አልቀረም።

ከሩቅ አገር መጥቶ በዚህ አካባቢ ለመኖር መሞከር አዲስ ነገር አይደለም። በ1838 መጨረሻ ፈረንሳዊቷ ደራሲ ጆርጅ ሳንድ ሁለት ልጆቿንና በሳንባ ሕመም ይሠቃይ የነበረውን ፖላንዳዊ የሙዚቃ ሊቅ ፍሬዴሪክ ሾፓንን ይዛ መጣች። ከዴያ ብዙም በማይርቀው በቫልዴሞሳ፣ መነኮሳቱ ከለቀቁት ገዳም ውስጥ ክፍሎች ተከራዩ። ሕመሙ እንዳይተላለፍባቸው የፈሩት ነዋሪዎች ሸሹአቸው፤ ቤተ ክርስቲያን የማይስም ቤተሰብ በማየታቸውም ክፉኛ ታዘቡ። እንግዶቹ በፌብሩዋሪ 1839 ደሴቲቱን ለቅቀው ሄዱ። ሳንድም በ1842 ባሳተመችው መጽሐፍ የማዮርካን መልክዓ ምድር እያደነቀች ሕዝቧን ግን አጥብቃ ነቀፈች። በሕመምተኛ ማስታመም ያለፈ አንድ የብርድ ወቅት ሕዝብን ለመመዘን የሚበቃ አልነበረም።

ከእርሷ በኋላ የመጣው የኦስትሪያው መስፍን ሉድቪግ ሳልቫቶር ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። በዴያና በቫልዴሞሳ መካከል ባሕሩን ቁልቁል የሚያዩ ርስቶችን ገዛ፤ የአገሬውን ቋንቋ ተማረ፤ ስለ ደሴቶቹ ሕዝብ፣ ሰብልና ልማድ ብዙ ቅጾች ያሉት መጽሐፍ ጻፈ። ልብሱ ከገበሬ ልብስ ስለማይለይ ብዙ ጊዜ ተራ ሰው መስሎ ይታይ ነበር ይባላል። ሶን ማሮይግ የተባለው ቤቱ ዛሬ ጎብኚ የሚገባበት ሥፍራ ነው።

የዴያን ስም በዓለም ያስጠራው ግን እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሮበርት ግሬቭስ ነው። ግሬቭስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋግቶ ክፉኛ የቆሰለ ሰው ነበር። በ1929 የሕይወት ታሪኩን አሳትሞ ከአገሩ ሲወጣ ከአሜሪካዊቷ ባለቅኔ ከሎራ ራይዲንግ ጋር ወደ ዴያ መጣ፤ በ1932ም ከመንደሩ ወጣ ብሎ የድንጋይ ቤት አሠራ። በ1936 የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ ከደሴቲቱ ለመውጣት ተገደደ። አሥር ዓመት ቆይቶ በ1946 ከአዲሱ ቤተሰቡ ጋር ሲመለስ ቤቱ እንደተወው ቆየው፤ ወዳጆቹ የመንደሩ ሰዎች ጠብቀውለት ነበርና። ያ ዘመን በስፔን የረኀብና የፍርሃት ዘመን እንደነበረ ለሚያስታውስ ሰው፣ የአንድን ባዕድ ንብረት ሳይነኩ ማቆየት ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የግሬቭስ ቤት የመንደሩ የበጋ ማዕከል ሆነ። ግሬቭስ የተወለደው ጁላይ 24፣ ማለትም ሐምሌ 17 ቀን ስለነበር የልደቱ ግብዣ ከበጋው ግለት ጋር ይገጥማል። በዚያ ቀን ቤተሰቡና ወዳጆቹ ራሳቸው ያዘጋጁትን ቧልታይ ቴአትር ያሳዩ ነበር። ከለንደን የመጣ ደራሲና የፊልም ተዋናይ ከመንደሩ ገበሬና ግንበኛ ጋር አብሮ ተቀምጦ ይስቃል። በ1960ዎቹ ዓመታት የግሬቭስ ዝና ሠዓሊዎችን፣ ሙዚቀኞችንና ጠጉራቸውን ያሳደጉ ወጣቶችን ከአውሮፓና ከአሜሪካ ሳበ። ሁሉም ሥራ ፈት ነበሩ ማለት ግን አይደለም። ለምሳሌ አሜሪካዊው ዊልያም ዋልድረን በ1962 በዴያ የቅድመ ታሪክ ሙዚየም አቋቋመ፤ በአቅራቢያው ከሚገኝ ዋሻም ዛሬ ከምድር የጠፋውን፣ ፍየል መሳይ የደሴቲቱን እንስሳ አጥንቶች ቆፍሮ አወጣ።

የመጤዎቹ የበጋ ውሎ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ጠዋት ጠጠራማ ወደ ሆነው ትንሽ የባሕር ዳርቻ ይወርዳሉ፤ ፀሐይ ስትበረታ መስኮት ዘግተው ይተኛሉ፤ ሲመሽ በቡና ቤት ይገናኛሉ። ወሬው ስለ ቤት ጥገና፣ ስለ ውኃ እጥረትና ስለ ሌሎች መጤዎች ነው። ብዙዎቹ ሃያ ዓመት ኖረው እንኳ ከአገሬው ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል አይለዋወጡም። ይህን ግድግዳ ቢያንስ ለጥቂት ሌሊቶች የሚያፈርሰው የመንደሩ በዓል ነው።

የዴያ ጠባቂ ቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ ነው። በኢትዮጵያ የዮሐንስ ልደት ሰኔ 30 ቀን ይታሰባል፤ የዘመን መለወጫውም በስሙ ይጠራል። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ግን ልደቱን የምታከብረው ጁን 24፣ ማለትም ሰኔ 17 ቀን ነው። ይህም ቀኑ እጅግ የሚረዝምበት ወቅት በመሆኑ በዋዜማው ሌሊት በማዮርካና በሌሎች ካታላንኛ በሚነገርባቸው አገሮች እሳት ይነድዳል፤ ወጣቶች በእሳቱ ላይ ይዘላሉ፤ ሌሊቱንም በባሕር ይታጠባሉ። በአንዳንድ መንደሮች የሰይጣን ልብስ የለበሱ ሰዎች ርችት እየተኮሱ በጎዳና ሲሮጡ ሕዝቡ በሳቅና በጩኸት ይሸሻል።

በማዮርካ በዓል ቀድሞ የሚሰማው የሁለት ሰዎች ሙዚቃ ነው። አንደኛው ከፍየል ቆዳ የተሠራና አቅማዳ የሚመስል መሣሪያ በብብቱ ይዞ ይነፋል። ሁለተኛው በአንድ እጁ ትንሽ ዋሽንት እየነፋ በሌላው ከበሮ ይመታል። ከዚያ በአደባባዩ ጭፈራ ይጀመራል። በዚህ የአገሬው ጭፈራ እርምጃውን የምትመራው ሴቲቱ ናት፤ ወንዱ ዓይኑን ከእግሯ ሳይነቅል ይከተላል። አዲስ መጤም ቢሆን ክቡ ውስጥ ገብቶ እግሩን ማደናቀፍ ይፈቀድለታል፤ ቢሳሳት ይሳቅበታል እንጂ አይወጣም። በረጅም ጠረጴዛዎች ላይ የሚቀርበው ራትም ቀላል ነው፤ ቲማቲም የታሸበት፣ የወይራ ዘይትና ጨው ያረፈበት ዳቦ ፓ አም ኦሊ ይባላል። ስለዚህ ዳቦና ዘይት አንድ ሙሉ መጽሐፍ የጻፈው ሰው በዴያ ያደገው የግሬቭስ ልጅ ቶማስ ነው፤ እርሱም የሙዚቃ ጓድ ይዞ በመንደሮች በዓል ላይ ሲጫወት ኖሯል። አባቱ እንግዳ የነበረ ልጅ ለእንግዶች አስተናጋጅ ሆነ ማለት ነው።

በጎረቤት በቫልዴሞሳ ደግሞ በጁላይ መጨረሻ በዚያው መንደር የተወለደችው ቅድስት ካታሊና ቶማስ ትታሰባለች። አንዲት ትንሽ ልጅ እንደ ቅድስቲቱ ለብሳ ባጌጠ ሠረገላ ላይ ተቀምጣ በጎዳናው ትዞራለች። ሳንድን የሸሸው መንደር ዛሬ በየኦገስቱ በገዳሙ ውስጥ የሾፓንን ሙዚቃ ያሰማል።

ችግሩ ያለው በዓሉን ማን ያከብረዋል በሚለው ነው። በ1960 የፓልማ አየር ማረፊያ ከተከፈተ ወዲህ ወደ ደሴቲቱ የሚጎርፈው ሕዝብ ያለማቋረጥ ጨመረ። ዴያ በድንጋይ ቤቶቿ ላይ ጥብቅ የግንባታ ሕግ በማውጣቷ እንደ ደቡቡ ዳርቻ በፎቅ ሆቴሎች አልተወረረችም። ነገር ግን አዲስ ቤት በማይሠራበት ቦታ አሮጌው ቤት ይወደዳል። ወይራ ለቃሚዎች ይኖሩበት የነበረው ጎጆ ዛሬ የገበሬ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ቢሠራ የማይገዛው ሀብት ሆኗል። ልጆቹም ቀድሞ አያቶቻቸው ሲጨፍሩበት ወደነበረው አደባባይ ለበዓል ብቻ ከሌላ ሥፍራ ተከራይተው ከሚኖሩበት ይመጣሉ። በ2024 በጋ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የማዮርካ ሰዎች በፓልማ አደባባይ ወጥተው ስለ ቤት ውድነትና ስለ ጎብኚ ብዛት ተቃውሞ አሰምተዋል።

ሆኖም መጤውን ሁሉ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም። ለሁለት ሳምንት መጥቶ ቤቱን ዓመቱን ሙሉ ቆልፎ የሚሄድ አለ፤ በብርዱ ወራት ቀርቶ ከጎረቤቱ ጋር ወይራ የሚለቅምም አለ። ግሬቭስን መንደሩ በ1968 እንደ ልጁ ቆጥሮ የክብር ዜግነት ሰጥቶታል። በ1985 ሲሞትም ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ ከገበሬዎቹ መቃብር መካከል ቀበረው። በመቃብሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በእጅ የተጫረ ነው፤ ከስሙና ከዓመታቱ ሌላ የሚነበበው በስፓኝኛ ባለቅኔ የሚለው ቃል ነው።

መልመጃ

ሀ. ቀጥሎ ያሉትን በንባቡ ውስጥ ባላቸው ትርጉም መሠረት በዓረፍተ ነገር አስገቡ፦ እርከን፣ መጤ፣ ታዘበ፣ ዋዜማ፣ ርስት፣ አቅማዳ።

ለ. ስለ ንባቡ በጽሑፍ መልሱ።
1. የቫልዴሞሳ ሰዎች ከሳንድ ቤተሰብ የሸሹት ለምን ነበር? ፍርሃታቸው ምክንያታዊ ነበር ትላላችሁ?
2. ግሬቭስ በ1946 ሲመለስ ያገኘው ነገር ስለ መንደሩ ሰዎች ምን ይነግረናል?
3. ጥብቅ የግንባታ ሕግ የመንደሩን መልክ ሲጠብቅ በነዋሪዎቹ ላይ ያስከተለውን ችግር አስረዱ።

ሐ. በምትኖሩበት አካባቢ ከሌላ ሥፍራ መጥቶ የተቀመጠ ሰው በበዓል ቀን እንዴት እንደሚስተናገድ ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ።