ፓርኪንሰን፣ ግንደ ሕዋስና የሕሙማን ድምፅ

በ2006 መጸው ለዶክትሬት ትምህርት አሜሪካ ሳለሁ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቴሌቪዥን አንድ የምርጫ ቅስቀሳ ማስታወቂያ ተመለከትሁ። ተዋናዩ ማይክል ጄ. ፎክስ ተቀምጦ፣ የግንደ ሕዋስ ምርምርን የሚደግፉትን የሚዙሪ ግዛት የሴኔት ዕጩ እንዲመርጡ መራጮችን ይጠይቃል። ሲናገር ራሱና ትከሻው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ። «ይህ በሽታ እንዴት ክፉ ነው!» ብዬ አብሮኝ ለነበረ የሕክምና ተማሪ ብነግረው፣ «ያየኸው እኮ በሽታውን ሳይሆን መድኃኒቱን ነው» አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ረሽ ሊምቦ የተባለው ታዋቂ የራዲዮ ተናጋሪ፣ ፎክስ ወይ መድኃኒቱን አልወሰደም ወይም እያስመሰለ ነው ሲል ተሳለቀ። እኔ በማዘን፣ እርሱ በመሳለቅ ብንለያይም ስሕተታችን ግን አንድ ነበር።

ለፊዚክስ ተማሪ ነገሩ የድግግሞሽ ጉዳይ ነው። የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ በአብዛኛው አካል ሲያርፍ የሚታይ፣ በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ የሚመላለስ ወጥ እንቅስቃሴ ነው። በፎክስ ላይ የታየው ግን ወጥ ምት የሌለው፣ የሚጠማዘዝ እንቅስቃሴ ነበር። ዲስኪኔዥያ ይባላል፤ የሚመጣውም ሌቮዶፓ የተባለውን ዋነኛ መድኃኒት ለዓመታት ከመውሰድ ጋር ተያይዞ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የቤታችንን የውኃ ሮቶ እናስብ። የከተማው ውኃ በፈለገው ሰዓት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሮቶ ያለው ቤት ግን መምጣት መሄዱን ልብ ሳይል ቀኑን ሙሉ ይቀዳል። በመካከለኛው አንጎል የሚገኙ፣ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር አምርተውና አከማችተው በልክ የሚለቁ የነርቭ ሕዋሳት ለእንቅስቃሴያችን እንደዚህ ያለ ሮቶ ናቸው። በፓርኪንሰን የሚሞቱት እነዚሁ ሕዋሳት ናቸው፤ የበሽታው ምልክት ጎልቶ በሚታይበት ጊዜ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ጠፍተዋል። ሌቮዶፓ አንጎል ውስጥ ሲገባ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተረፉት ሕዋሳት ስለሚያከማቹት ሕመምተኛው ደኅና ይሆናል። ሮቶው ሲጠፋ ግን ኑሮው በቀጥታ ከቧንቧው ጋር ይሆናል። የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ክኒኑ ሲዋጥ ጎርፍ፣ ሲያልቅ ድርቅ ነው። ጎርፉ ዲስኪኔዥያ፣ ድርቁ መገተርና መንቀጥቀጥ ነው። ፎክስ በ1999 በአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ሲመሰክር ሆን ብሎ መድኃኒቱን ሳይወስድ ነበር የሄደው፤ በ2006 ደግሞ ወስዶ ታየ። ሁለቱም የአንድ በሽታ ገጽ ናቸው።

አዲስ ሮቶ የመትከል ሐሳብ ከዚህ ይነሣል። በ1987 በስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ የእነ ኦሌ ሊንድቫልና የአንደርስ ብዮርክሉንድ ቡድን ከወረዱ ጽንሶች የተገኙ የነርቭ ሕዋሳትን በሕመምተኞች አንጎል መትከል ጀመረ። ለአንድ ሰው የበርካታ ጽንሶች ሕዋስ ስለሚያስፈልግ መንገዱ ጠባብ ነበር። በ1998 ጄምስ ቶምሰን በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ከሰው ሽል የተገኘ ግንደ ሕዋስ በቤተ ሙከራ ማራባት ቻለ። ይህ ሕዋስ ያለ ገደብ ይባዛል፤ ወደ ተፈለገውም የሕዋስ ዓይነት ሊመራ ይችላል። ሆኖም ሽሉ ይጠፋል። ፕሬዚዳንት ቡሽ በነሐሴ 2001 የፌዴራል ገንዘብ ቀድሞ ለነበሩት የሕዋስ መሥመሮች ብቻ እንዲውል ወሰኑ፤ ገደቡን የሚያላላውንም ሕግ በ2006 ውድቅ አደረጉ። የሕሙማኑ ዘመቻ የተጠናከረው በዚህ ጊዜ ነው። በ2004 የካሊፎርኒያ መራጮች ለግንደ ሕዋስ ምርምር 3 ቢሊዮን ዶላር ፈቀዱ። ገደቡም በ2009 በፕሬዚዳንት ኦባማ ተነሣ።

ገንዘቡን በማስገኘቱ ዘመቻውን አደንቃለሁ። ፈውሱ ደጅ ላይ የቆመ ማስመሰሉን ግን አልወደውም፤ ዓመታትን የሚቆጥር ሕመምተኛ «በቅርቡ» የሚለውን ቃል እንደ ቀጠሮ ይይዘዋልና። ሺንያ ያማናካ በ2006 የአይጥን፣ በ2007 የሰውን ቆዳ ሕዋስ ወደ ግንደ ሕዋስነት መልሶ ሽል የማያስፈልግበትን መንገድ ከፈተ። ከእንዲህ ያለ ሕዋስ የተገኙ የነርቭ ሕዋሳት በኪዮቶ በፓርኪንሰን ሕመምተኛ አንጎል በሙከራ መልክ የተተከሉት ግን በ2018 ነው።

አስቸጋሪው ነገር ልኬቱ ነው። በ2001 በአሜሪካ ውጤቱ የታተመው የጽንስ ሕዋስ ንቅለ ተከላ ጥናት 40 ሰዎችን ይዞ ነበር። ለግማሾቹ ሕዋስ ተተከለ፤ የቀሩት ደግሞ ራስ ቅላቸው ተበሳና ምንም ሳይገባ ተዘጋ። ማን ምን እንደተደረገለት አያውቅም። ሕመምተኞቹ ራሳቸው ስለ መሻላቸው በሰጡት ግምት በሁለቱ ቡድኖች መካከል አስተማማኝ ልዩነት አልተገኘም፤ ከ60 ዓመት በታች የሆኑት በሐኪም ምርመራ ጥቂት መሻሻል አሳዩ። ሕዋስ ከተተከለላቸው 15 በመቶ ያህሉ ደግሞ መድኃኒት ቀንሰው ወይም አቁመው እንኳ ዲስኪኔዥያው አልለቀቃቸውም፤ ሮቶው ሞልቶ ፈሰሰ ማለት ነው።

በ2004 የወጣ ተከታይ ጥናት ከሁሉ ይልቅ ያስደንቀኛል። ሕዋስ ተተክሎልኛል ብለው ያመኑት፣ ተተከለላቸውም አልተተከለላቸውም፣ ከዓመት በኋላ ኑሯቸው የተሻለ መሆኑን ተናገሩ፤ የሐኪሞቹም ምዘና ተመሳሳይ አዝማሚያ አሳየ። ይህ ውሸት አይደለም። በ2001 የቫንኩቨር ተመራማሪዎች ባዶ መርፌ የተወጉ የፓርኪንሰን ሕመምተኞችን በፔት መሣሪያ ሲመረምሩ አንጎላቸው የራሱን ዶፓሚን ሲለቅ አይተዋል። በዚህ በሽታ ተስፋ ራሱ ዶፓሚን ያስለቅቃል። እንግዲህ የምንለካው ነገርና የሚያውከው ጫጫታ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። ግንደ ሕዋስ እንሸጣለን የሚሉ ክሊኒኮች የሚያሳዩት የተሻለው ሰው ምስክርነትም ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው፤ ሰውየው እውነቱን እየተናገረ ሊሆን ይችላል።

በሚያዝያ 2025 የሁለት ሙከራዎች ውጤት አብሮ ታተመ። በኪዮቶው ለ7 ሕመምተኞች፣ በሰሜን አሜሪካው ለ12 ሕዋስ ተተክሎ ነበር፤ የኋለኛው ከሽል በተገኘ ግንደ ሕዋስ የተሠራ ነው። በሁለቱም ከባድ የደኅንነት ችግር አልታየም፤ የፔት ምስልም ዶፓሚን የማምረቱ ሥራ መጨመሩን አመለከተ። ማነጻጸሪያ ቡድን ግን በአንዳቸውም አልነበረም። ለሰሜን አሜሪካው ሕዋስ በዚያው ዓመት የተጀመረው ሦስተኛ ደረጃ ሙከራ ማነጻጸሪያ አለው፤ ማነጻጸሪያውም የማስመሰያ ቀዶ ሕክምና ነው። የሚገቡበት ሕመምተኞች ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲወጡ በአንጎላቸው አዲስ ሕዋስ ይኑር አይኑር ሳያውቁ ለወራት ይመዘናሉ፤ ይህንንም አስቀድመው ተነግሯቸው ፈርመዋል።